አበባ የሞላው ደጃችን ለዓይን የማይሞላው ለምንድን ነው?

የግንፍሌዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ወረድ ሲባል ከሚገኙት አሮጌ ቤቶች በአንዱ ነው። ቤቱ የእናቴ ሲሆን ግድግዳው ጭቃ፣ መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከውጭ በር እስከ በረንዳው 9 ሜትር፣ ከአጥር እስከ አጥር 6 ሜትር የሆነች ደጅ አለችን። በሰሜን በኩል አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ አጥር አለ፤ በደቡብ በኩል ደግሞ ጎረቤቶቻችን በቅርቡ ያሠሩት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ግድግዳ ወሰናችን ላይ ቆሟል፤ ቁመቱ 7 ሜትር ሳይሆን አይቀርም። ከድሮ የቀሩን አንድ ጌሾና አንድ የኮክ ዛፍ ናቸው፤ ጌሾውን እናቴ ለዓመት በዓል ጠላ ስለምትቀጥፈው ማንም እንዲነካው አትፈቅድም።

ባለፈው ክረምት ይህችን ደጅ የአትክልት ቦታ ለማድረግ ቆርጬ ተነሣሁ። መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ልጆች ዘንድ በቆምኩ ቁጥር ያማረኝን አንድ አንድ እየገዛሁ 22 ዓይነት ተከልኩ፤ ጽጌረዳው ብቻ አምስት ቀለም ነው። መስከረም ላይ አብዛኛው በአንድ ጊዜ አበበና ደስታዬ ወሰን አጣ። ነገር ግን የሚመጣው እንግዳ ሁሉ «አበባ አብዝታችኋል» ይላል እንጂ «እንዴት ያምራል» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ራሴ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ስመለከተው ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ፤ ከቀዩ ወደ ቢጫው፣ ከቢጫው ወደ ሐምራዊው ሲንከራተት ይደክማል። አሁን ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ይባስ ብሎ ግማሹ ደርቆ ጭራሮ ሆኗል፤ በደቡቡ ግድግዳ ሥር ያሉት ጽጌረዳዎች እንደ መቃ ወደ ላይ ተመዘዙ እንጂ አያብቡም፤ የቀረው ቦታ አቧራ ነው። የቧንቧ ውሃ የምናገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ ለአትክልቱ የሚተርፈው ከሮቶው የተረፈው ብቻ ነው።

ስለ አትክልት ቦታ አሠራር ሳነብ «ቀለም፣ ቴክስቸርና ስትራክቸር» የሚሉ ሦስት ቃላት ይደጋገማሉ። ቀለሙን የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ የቀሩት ሁለቱ ግን በእንዲህ ያለ ጠባብ ደጅ ምን ማለት እንደሆኑ አልገባኝም። ከየትኛው ልጀምር? ያሉኝን ሁሉ ነቅዬ ልጣል ወይስ የሚድን ነገር አለ? መሬቱንስ ሣር ላልብሰው? ግቢው ውስጥ የሦስት ዓመት ልጅ እንደሚሮጥበት፣ እናቴም ማታ ማታ ቡናዋን በረንዳው ላይ እንደምትጠጣ ልብ ብላችሁ ብትመክሩኝ ታላቅ ውለታ ነው።

የደጅ አትክልተኛ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ልኬቱንና አቅጣጫውን ጭምር ስለጻፉ ሥራችንን አቅልለውልናል። በዚህች ከተማ ግቢ በማስዋብ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከሚጠሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ ችግራቸው የእርስዎ ዓይነት ነው። አበባው ተገዝቷል፣ ተተክሏል፣ አብቧልም፤ አበባው የሚደገፍበት ነገር ግን ቀድሞ አልተሠራም።

ስትራክቸር የሚሉት አበባው ረግፎ፣ ለስላሳው ቅጠል ደርቆ ሳለ ግቢው ውስጥ ቆሞ የሚቀረውን ነው፦ መንገዱ፣ የመደቡ ጠርዝ፣ ግድግዳውና አጥሩ፣ ዛፉ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማይጥለው ቁጥቋጦ። በአውሮፓ ያሉ አትክልተኞች ይህንን ለማየት ግቢያቸውን በበረዶው ወራት ይመለከታሉ፤ የእኛ ክፉ ወቅት ግን በጋው ነው። ስለዚህ ደጅዎ አስቀያሚ ሆኖ በሚታይበት በዚህ ወር መጠየቅዎ መልካም አጋጣሚ ነው። ዛሬ በረንዳው ላይ ቆመው በስልክዎ ፎቶ ያንሡና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት። ቀለሙ ሲወጣ ተለይቶ የሚታይ ቅርጽ ካለ እርሱ የግቢዎ አጥንት ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ከተደባለቀ ደግሞ እንግዶችዎ ያሉትን በዓይንዎ ያዩታል።

አሁን ወደ ጽጌረዳዎቹ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የችግኝ ሻጩም የአፈሩም አይመስለኝም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ በሰሜን በኩል፣ በቀሩት ወራት ደግሞ በደቡብ በኩል ታልፋለች። በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ስለምትወጣ፣ 7 ሜትር የሆነው የጎረቤትዎ ግድግዳ ከ4 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። ከ6 ሜትር ስፋት 4 ሜትሩ በቀትር ጥላ ሥር ዋለ ማለት ነው። ጥላው በመጋቢት አጋማሽ ወደ 1 ሜትር ገደማ ይሰበሰባል፤ በክረምቱ ወራት ጨርሶ ወደ እርስዎ ግቢ አይወድቅም። ጽጌረዳዎችዎ በክረምት ተተክለው በደህና ከበቀሉ በኋላ ግድግዳው ከኅዳር ጀምሮ ብርሃናቸውን ወሰደባቸው፤ እነርሱም ብርሃን ፍለጋ ተመዘዙ። ይህንን ካላመኑኝ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ የጥላውን ጠርዝ በሲባጎ ይለኩት።

እንግዲህ ደጅዎ አንድ ሳይሆን ሁለት ቦታ ነው። የሰሜኑ አጥር ሥር ያለው ከ1 ሜትር ተኩል የማይበልጥ ንጣፍ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል፤ ጽጌረዳ፣ የጥብስ ቅጠል፣ አሪቲ፣ ሬት፣ ጀራኒየም የሚኖሩት እዚያ ነው። የደቡቡ ወገን በጋ ላይ ጥላ፣ ክረምት ላይ እርጥብ ነው፤ ካላ፣ ፈርን፣ ፉክሲያ፣ እንሰት ይስማማዋል። ጽጌረዳዎቹን አይጣሉ፤ የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ወደ ጉልበት ከፍታ ቆርጠው ወደ ሰሜኑ ያዛውሩ፤ ከአምስቱ ቀለም ሁለቱን ብቻ ያስቀሩና ሦስቱን ለዘመድ ይስጡ።

ከበር እስከ በረንዳ የሚወስደው መንገድ ደጇን የሚያቆማት ዋናው ነገር ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንዲሄድበት ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 ይሁን፤ ከመሠረትዎ ጋር እንዲዛመድም በዚያው በጥቁሩ ድንጋይ ቢነጠፍ እመርጣለሁ። ቀጥ ብሎ ከመሄድ ይልቅ ወደ ጥላው ወገን በጥቂቱ ቢዘነብል ሰሜኑ መደብ ይሰፋል፤ የሚጠማዘዝ መንገድ ግን በ9 ሜትር ውስጥ አይሞክሩ፤ ልጅ እንኳ አቋርጦት ይሮጣል። መንገዱ ከቤቱ ወደ በሩ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር እየወረደ እንዲሄድ ያስለኩ፤ የሐምሌን ጎርፍ የሚያወጣው ይህ ነው። የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ደግሞ ውሃ የሚጠጣ መደብ ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ስለ ውሃው አንድ ሒሳብ ልንገርዎ። 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲፈስ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘነበ እንደማለት ነው፤ በበጋ ይህ ለአምስት ቀን ያህል ያቆያል። ደጅዎ 54 ካሬ ሜትር ነው፤ ሁሉንም ላጠጣ ካሉ በአንድ ጊዜ 54 ጄሪካን ያስፈልግዎታል። ስለዚህ ውሃ የሚወዱትን ሁሉ ከሮቶው አጠገብ ከ5 ወይም ከ6 ካሬ ሜትር በማይበልጥ መደብ ይሰብስቧቸው። ለሣር ጥያቄዎ መልሱ ያው ሒሳብ ነው። ሰርዶም ሆነ ሌላው ሣር በበጋ ሳይጠጣ አረንጓዴ አይሆንም፤ በእርስዎ ደጅ ደግሞ ግማሹ ጥላ ውስጥ ስለሚውል ተመልጦ ይቀራል።

በመጨረሻ አጥሩን ይመልከቱ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር ይስማማል ብሎ የቀባው ሰው ተሳስቷል፤ የፋብሪካ አረንጓዴ አጠገቡ ሲቆም የእውነተኛው ቅጠል አረንጓዴ የደከመ ይመስላል። ጠቆር ያለ አመድማ ወይም የአፈር ቡናማ ቢቀቡት አጥሩ ወደ ኋላ ይሸሽና ቅጠሉ ወደ ፊት ይወጣል። ከሁሉም ወጪ ርካሹና ለውጡ ፈጥኖ የሚታየው ይህ ነው።

የሸማኔ ልጅ፦

ስለ አቋሙ የተነገረው በቂ ስለሆነ በቀለሙ ላይ ብቻ ልናገር። ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ሲሆን አባቴ ሸማኔ ነው፤ እኔ መወርወሪያውን ትቼ የቢሮ ሥራ ብይዝም ዓይኔ የተገራው አባቴ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ሲሠራ እያየሁ ነው።

አንድ ነጠላ ሲታይ ከዘጠና በመቶ በላይ ነጭ ነው። ጥለቱ የሚቀመጠው ጠርዙ ላይ ነው፤ የሚያምረውም ነጩ ዓይንን አሳርፎ ስለሚያደርሰው ነው። እህቴ፣ እርስዎ ያደረጉት ነጠላውን ከዳር እስከ ዳር ጥለት ማድረግ ነው። በአትክልት ቦታ የነጩን ሥራ የሚሠራው አረንጓዴው ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ አረንጓዴውን ያብዙ፣ ቀለሙን ወደ ጠርዝና ወደ ጥቂት ቦታ ይሰብስቡ። አባቴ ለአንድ ጥለት ከሦስት ወይም ከአራት ቀለም በላይ አያወጣም፤ ያወጣውን ግን ይደጋግመዋል። 22 ዓይነት አንድ አንድ ከመትከል አራት ዓይነት አምስት አምስት መትከል ይሻላል የምልዎ ለዚህ ነው። ከበሩ አጠገብ የታየው ቀለም መሐል ላይ አንድ ጊዜ፣ በረንዳው ሥር ደግሞ ሌላ ጊዜ ሲታይ ዓይን መንገዱን ያገኛል።

ቀለም ብቻውን እንደማይታይ ሸማኔ ሁሉ ያውቃል። በ19ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ የጎበላን የሽመና ድርጅት የማቅለሚያ ኃላፊ የነበረው ሸቭረል የተባለ ኬሚስት፣ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ቀርቦለት ክሩን ቢመረምር ምንም ጉድለት አላገኘበትም፤ ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነበር። ይህንንም አስፍቶ በ1839 እ.ኤ.አ. አብራርቶታል። ቀይ ከአረንጓዴ አጠገብ ሲቆም ይበልጥ ይቀላል፤ ቢጫም ከወይን ጠጅ አጠገብ እንዲሁ ይበረታል። ሁለት ብርቱ ቀለሞች ሲጋጩብዎ አንዱን መንቀል ላያስፈልግ ይችላል፤ መሐላቸው አሪቲ ወይም ጤና አዳም ይትከሉ። አመድማና ብርማ ቅጠል በሁለት ተጣዪዎች መካከል እንደ ሽማግሌ ይቀመጣል።

ለጠባብ ደጅ ሌላም ዘዴ አለ። ቀይ፣ ብርቱካናማና ደማቅ ቢጫ ወደ ተመልካቹ ይቀርባሉ፤ ሰማያዊ፣ ፈዛዛ ወይን ጠጅና አመድማ ይርቃሉ። ከበረንዳው ሆነው ለሚያዩ፣ ቀዩን ከበረንዳው አጠገብ፣ ሰማያዊውንና አመድማውን ከበሩ አጠገብ ቢያደርጉ 9 ሜትሩ የረዘመ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ እንግዳ ለመቀበል ብሎ በሩ ላይ ቀይ ቡጋንቪሊያ ይተክልና ግቢውን ያሳጥረዋል።

እናትዎ ማታ ቡና እንደሚጠጡ ጽፈዋል። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ብርሃን ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። በዚህ ብርሃን ቀይ ቀድሞ ይጠቁራል፤ ነጭና ፈዛዛ ሰማያዊ ግን እየደመቁ የሄዱ ያህል ይታያሉ። ይህንን የቼኩ ተወላጅ የሕክምና ሊቅ ፑርኪንየ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ልብ ብሎታል፤ ምክንያቱ የዓይናችን የደብዛዛ ብርሃን ሕዋሳት ቀይን እምብዛም አለማየታቸው ነው። ቀን ላይ በእኛ ከፍታ ባለው የቀትር ፀሐይ ታጥቦ የሚውለው ነጭ አበባ ማታ ላይ ተራው ይደርሳል። ለእናትዎ ነጭ ያስፈልጋቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥለት ላይ ሙካሽ የሚባለው የሚያብረቀርቅ ክር ይገባል፤ ሙካሹ ጥቂት ካልሆነ ግን ገበያ ላይ የተሰጣ ዕቃ ያስመስለዋል። ለእርስዎ ደጅ ሙካሹ የመስከረሙ አደይ አበባ ቢሆን ደስ ይለኛል። ዘሩን ሲደርቅ ሰብስበው በመንገዱ ጠርዝ ላይ ይበትኑት፤ በሌላው ወራት ደማቅ ቢጫ የሚባል አይኑርዎት፤ መስከረም ላይ ብቻውን ይምጣ።

የቀበና እናት፦

ልጄ፣ ወንዶቹ በሜትርና በክር ብዙ ነገሩሽ፤ የተናገሩት ልክ ነው፤ ነገር ግን «ቴክስቸር» ላልሽው ማንም አልመለሰልሽም። እኔ የቃሉን ሊቅነት ባላውቀውም ነገሩን በእጄ አውቀዋለሁ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ግቢሽ ውስጥ ያሉትን ቅጠሎች ዳብሺ። ጌሾው የተወለወለ ያህል ለስላሳና አንጸባራቂ ነው፤ አሪቲው የበግ ጠቦት ጸጉር ይመስላል፤ የጥብስ ቅጠሉ መርፌ መርፌ ይላል፤ ኮሰረቱ ይሻክራል፤ ሬቱ ወፍራምና ቀዝቃዛ ነው፤ ጠጅ ሳሩ ጠርዙ ጣት ይቆርጣል። እጅሽ የለየውን ዓይንሽም ይለየዋል። አንጸባራቂው ብርሃንን ይመልሳል፣ ጸጉራሙ ይውጠዋል፤ ሰፊው ቅጠል ትልቅ ጥላ ይጥላል፣ ደቃቁ ደግሞ ከሩቅ እንደ ጭስ ይታያል። ታዲያ አንድ ዓይነት የሚዳሰሱትን ሁሉ ባንድ ላይ ከተከልሽ፣ አበባቸው የፈለገውን ያህል ቢለያይ፣ አበባው በረገፈ ማግስት አንድ ቡቃያ ይሆኑብሻል። አንቺ የገዛሻቸው አብዛኞቹ ቅጠላቸው ትንንሽና መካከለኛ መሆኑን ሳላይ እምላለሁ፤ መንገድ ዳር የሚሸጠው እንደዚያ ነውና።

እኔ ደጄ ላይ ያደረግሁትን ልንገርሽ። አንዲት እንሰት መሐል ላይ ቆማለች፤ ቅጠሏ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ የቅጠሏ አከርካሪ ቀላ ያለ ነው። በሥሯ ጤና አዳም አለ፤ ሰማያዊ የሚመስል ቅጠሉ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ሁለቱ አጠገብ ላጠገብ ሲሆኑ እንሰቷ ይበልጥ ትገዝፋለች፣ ጤና አዳሙም ይበልጥ ይደቅቃል። አበባ የለም፤ ግን የሚገባው ሰው ሁሉ እዚያ ቆሞ ነው የሚያወራው። ጠዋት ፀሐይ ከኋላዋ ስትመጣ የእንሰቷ ቅጠል ውስጡ መብራት የበራበት ይመስላል፤ ጤዛው በቅጠሏ አከርካሪ ላይ እየተንከባለለ ወርዶ ግንዷ ላይ ሲጠፋ አያለሁ። ለዓመት በዓል ድፎ ዳቦ ስጋግር ደግሞ ኮባውን ገበያ አልገዛም።

በጋም ቢሆን ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝ በትንሽ ውሃ ይቆያሉ። ለቡናሽም፣ ለወጥሽም፣ ለበዓል ጉዝጓዝሽም ይሆኑሻል። ጎርደድ ብለሽ ስታልፊ ቀሚስሽ ሲነካቸው የሚሰጡት መዓዛ ደግሞ ከጽጌረዳሽ አምስት ቀለም ይበልጥብኛል፤ ይህ እንግዲህ የእኔ አድልዎ ነው።

ሕፃን አለ ስላልሽ ግን ልጠንቀቅ። ጤና አዳም ለቡና መልካም ቢሆንም ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲመታው ያቆስላል፤ እኔ ራሴ አንድ ቀን በባዶ እጄ ስከረክም ውዬ ክንዴ ውሃ ቋጥሮብኛል። ሲመሽ ከርክሚው፣ ከልጁ መሮጫም አርቂው። ካላ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። እንደ ጡሩምባ ቁልቁል የሚንጠለጠለው ትልቁ ነጭ አበባ ደግሞ ሁለመናው መርዝ ስለሆነ ማታ ያምራል ብለው ቢሰጡሽም እንዳትቀበዪ።

ከአትክልተኛው ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ሁሉን በአንድ ጊዜ ካስተካከልሽ እናትሽ ደጃቸውን ያጡታል። እርሳቸው የተከሉት ነገር ካለ እርሱን ማዕከል አድርጊና ሌላውን በዙሪያው አምጪ።

የግንፍሌዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተባልኩትን በሦስት ቀን ውስጥ ሞከርኩ። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ስለውጠው ተለይተው የታዩኝ ጌሾው፣ ባዶው የኮክ ቅርንጫፍና ሮቶው ብቻ ናቸው፤ 22ቱ አበቦቼ የተዘራ አተር መስለው ቀሩ። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ላይ ከጎረቤት ግድግዳ እስከ ጥላው ጠርዝ በሲባጎ ለካሁ፤ 4 ሜትር ከ30 ሆነ። የተመዘዙት ጽጌረዳዎች አንዳቸውም ሳይቀሩ ከሲባጎው ወዲያ፣ ጥላው ውስጥ ናቸው።

እናቴ የተከለቻቸው ነገሮች አሉ፤ በመጀመሪያው ጽሑፌ ሳልጠቅሳቸው የቀረሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስላፈርኩባቸው ነው። በረንዳው ጠርዝ ላይ በዱቄት ወተት ጣሳና በዘይት ቆርቆሮ የተተከሉ 14 ጀራኒየሞች ናቸው፤ ቀይም፣ ሮዝም፣ ነጭም አላቸው። ጣሳዎቹ ዝገው ጽሑፋቸው ተላልጧል።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ሣሩን ከተውኩት መሬቱን ከቢሾፍቱ አካባቢ በሚመጣው ቀይ አሽ ላልብሰው አስቤያለሁ፤ ብዙ ሆቴሎች ሲያደርጉት አይቻለሁ። እንሰቷንስ ከግድግዳው ምን ያህል ላርቃት?

የደጅ አትክልተኛ፦

የቀበናዋ እናታችን ስለ ቅጠሉ ያስተማሩን ነገር ለሙያተኛም የሚበቃ ነው፤ ባሉት እስማማለሁ፤ ከእናትዎ መጀመር ነበረብኝ።

ቀይ አሽ ውሃ ያሳልፋል፣ ርካሽም ነው፤ ነገር ግን ቀለም መሆኑን አይርሱ። 20 ካሬ ሜትር ቀይ አሽ ሲያነጥፉ በግቢው ትልቁን ቀለም መሬት ላይ አስቀመጡ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚተክሉት ሁሉ ከእርሱ ጋር ሲታገል ይኖራል። በተለይ ሮዝ ጀራኒየም ከጡብማው ቀይ ጋር ክፉኛ ይጣላል። ሆቴሎቹ የሚያምርላቸው በአመዛኙ ሬትና ቁልቋል ብቻ ስለሚተክሉበት ነው። ለእርስዎ ከመንገዱ ድንጋይ ጋር አንድ የሆነ ጥቁር ጠጠር በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በቂ ነው፤ እርጥበቱንም ይይዛል፣ የሐምሌ ጠብታም ጭቃ እያፈናጠረ ቅጠሉን አያቆሽሽም። አፈርዎ መረሬ ከሆነ በጋ ላይ ስለሚሰነጠቅ ጠጠሩ ከመነጠፉ በፊት ብስባሽ በደንብ ይግባበት፤ አለበለዚያ ጠጠሩ በየስንጥቁ እየገባ ያልቅብዎታል።

እንሰቷን ከጎረቤት ግድግዳ 2 ሜትር ያርቋት፤ አድጋ ስትሰፋ ቅጠሏ ግድግዳው ላይ እየተፋተገ እንዳይቀደድ። ከበረንዳው ሲታይ ከበስተኋላዋ ባዶው ግድግዳ ቢሆን አይከፋም፤ ሰፊ ቅጠል ለስላሳና ባዶ ጀርባ ይወዳል። ከፊቷ ፈርንና ካላ ይግቡ፤ ካላው ግን ልጁ እስኪያድግ ይቆይ። ጌሾው ቁጥቋጦ ሆኖ ከመሬት ጀምሮ የተንዠረገገ ከሆነ የታችኛውን ቅርንጫፍ እስከ ወገብ ድረስ አንሥተው ሦስት ወይም አራት ግንድ ብቻ ቢያስቀሩት ትንሽ ዛፍ ይሆናል፤ እናትዎም የሚቀጥፉት ቅጠል ከላይ ስለሚቀርላቸው አይቆጡም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ፈቃዳቸውን ሳይጠይቁ ግን መቀስ እንዳያነሡ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ድንጋዩን፣ ጠርዙንና የአጥሩን ቀለም እስከ ግንቦት ይጨርሱ፤ ዝናቡ ሳይገባ የሚሠራ ሥራ ነው። ችግኝ ከሰኔ መጨረሻ በፊት አይግዙ። እስከዚያ አንድ ቀን ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ወጥተው የሀገራችንን ዕፅዋት ይመልከቱ፤ ከ700 ሄክታር በላይ ስለሆነ ምቹ ጫማ ያድርጉ። ቀጋን ፈልገው ይዩት፤ የራሳችን ተራራ ጽጌረዳ ነው፣ አበባው ነጭ ነው። ያንን አጥርዎ ላይ ቢሰቅሉት ከችግኝ ሻጩ አምስት ቀለም አንዱን እንኳ የሚመኙ አይመስለኝም፤ እሾሁ ግን ከልጁ ከፍታ በላይ ይታሰር።

ጣሳዎቹን አይጣሉ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ሁሉንም በአንድ ቀለም፣ አጥሩ በሚቀባበት በዚያው አመድማ ቀለም ይቀቧቸው። 14 የተለያየ ዕቃ 14 ጣሳ ነው፤ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው 14 ዕቃዎች ግን አንድ ረድፍ ናቸው።

የግንፍሌዋ፦

ስለ ማታው ብርሃን የተጻፈውን ለእናቴ አነበብኩላት። «የምን ቀይ ነው የሚጠፋው?» ብላ ሳቀችብኝ። ትናንት ግን ሁለተኛውን ስኒ ይዛ ሳትጠጣ ቆየች። 12 ሰዓት ከ25 ሲሆን በጣቷ ጠርዙን እያሳየችኝ ቆጠረች፤ ነጮቹ አራቱ በግልጽ ይታያሉ፤ ከሮዞቹ ሁለቱ በጭንቅ ይለያሉ፤ የቀዮቹ ቦታ ግን ጣሳው እንጂ አበባው የለም። ምንም ሳትናገር ቡናዋን ጨርሳ ገባች።

ዛሬ ጠዋት ስነሣ 14ቱም ጣሳዎች ቦታቸውን ቀይረዋል። ነጮቹ እርሷ ከምትቀመጥበት ዱካ ፊት ለፊት በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፤ ቀዮቹ ከደረጃው ሥር ወርደዋል። የጌሾውን ነገር ግን ጠይቄያት «ከጥምቀት በኋላ እንነጋገራለን» ብላኛለች።